የሚነሣ ቃል፣ የሚወድቅ ቃል

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ በረንዳ ሥር ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ ነበር። አንድ የቆሎ ተማሪ እየሮጠ መጣና ከጎኔ ቆመ። የለበሰው የበግ ለምድ ርሶ ስለነበር ሽታው ወዲያው አፍንጫዬን ሞላው። የረጠበ ለምድ ሽታ ለማያውቀው ሰው ደስ አይልም፤ በረት በረት፣ ጭስ ጭስ ይላል። ባለሱቁ ፊቱን ዞር አደረገ። እኔ ግን ጠጋ አልሁ። ልጁ ቦታ የያዘብኝ መስሎት "ይቅርታ አባቴ" ብሎ ወደ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ "ቁም ልጄ፣ ምንም አላደረግህ" አልሁት። እንዴት ብዬ ላስረዳው? በዚያ ሽታ ውስጥ ወጣትነቴ ነበረ፤ አንድ የማልረሳው ሰውም ነበረ። አንተም ወዳጄ፣ እንግሊዝኛ የት ተማርህ እያልህ ስትጠይቀኝ ኖረሃልና፣ ዛሬ ልንገርህ።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው። እኔ ዲማ ቅኔ ቤት ነበርሁ፤ ጢሜ ማቀምቀም የጀመረ ተማሪ። የተወለድሁት አምበር አጠገብ ካለች መንደር ነው። እናትና አባቴ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ስንቅ ቋጥራ ለትምህርት የላከችኝም እሷው ነበረች። ከተማውንና ትልልቁን መንገድ ጣሊያን ይዞታል፤ ቆላውና ጫካው የአርበኛ ነው። ዲማ በሁለቱ መካከል ነበረች። ዛሬ ባንዳ ያልፍባታል፤ ነገ አርበኛ። እኛ ተማሪዎች አንገታችንን ደፍተን ትምህርታችንን እንማር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የኔታ አስጠሩኝ። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ሰው የሚለዩት በእርምጃው ነው። ገና ደጃፍ ስደርስ "ና፣ ግባ" አሉ። ከጎናቸው ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ተቀምጧል። ለምድ ለብሷል፤ ለምዱ ግን አዲስ ነው። ጫማ አልተጫማም፤ እግሩ ግን ጫማ የለመደ እግር ነበር፤ ተረከዙ ተላልጦ ቀልቷል።

"ይህ ከሸዋ የመጣ ተማሪ ነው" አሉኝ የኔታ። "ካንተ ጎጆ ይደር። ንባብ አስተምረው።"

"በዚህ ዕድሜው ንባብ አያውቅም የኔታ?"

"አያውቅም። ማወቅ ግን አለበት፤ በቶሎ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ አንተ በለው። አንቱ ካልኸው ሰው ይጠረጥራል።"

ነገሩን የነገረኝ እሱው ነው፤ እንጨት ለቀማ ወርደን ብቻችንን ስንሆን። አዲስ አበባ ተማሪ ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ጣሊያን የተማረ ሰው እየለቀመ መግደል ሲጀምር ጓደኞቹ አለቁ፤ እሱ ዓባይን ተሻገረ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እውነተኛ ስሙን እንኳ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በቅኔ ቤቱ ሁላችንም "እንግዳው" እንለው ነበር።

እንግዳው አማርኛውን እንደ ውኃ ያነባል። ግዕዙን ሲያነብ ግን ሁሉንም ቃል በአንድ ልክ ያስኬደዋል። በግዕዝ ንባብ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚነሣ ቃል አለ፤ ተነሽ እንለዋለን። ለስለስ ብሎ ዝቅ የሚል አለ፤ ወዳቂ ነው። ይህን ያልለየ ሰው ገና አፉን ሲከፍት ቅኔ ቤት እንዳልዋለ ይታወቅበታል። የኔታ በመጀመሪያው ቀን ሲያነብ ሰምተው፣ "በዚህ ንባብህ ባንዳ ቀርቶ ውሻ ይለይሃል" አሉት። እውነትም ውሾቹ ለይተውታል። ለቁራሽ ልመና ወደ መንደር ስንወርድ የመንደሩ ውሻ ሁሉ እኔን ትቶ እሱን ያሳድድ ነበር። አንድ ጊዜ አጥር ላይ ተሰቅሎ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲል፣ እንጀራ ይዘው የወጡት ሴትዮ ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ጠዋት ጠዋት ከመጽሐፉ ፊት አስቀምጬ አስነብበው ነበር። "ይህን አንሣው። ይህን ደግሞ ጣለው፤ አትጩህበት።" ፊቱን ላብ ያጠምቀው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እንጨታችንን አስረን ገደል አፋፍ ላይ ስናርፍ እንዲህ አለኝ።

"ይህን ያህል ደክመህ ታስተምረኛለህ። እኔም ያለኝን ላስተምርህ።"

"ምን አለህ?"

"እንግሊዝኛ።"

ሳቅሁ። ከፊታችን ያለው ገደል ነው፤ ከገደሉ ወዲያ ቆላው በሙቀት ጉም ተሸፍኖ ይታያል። "ከማን ጋር ላወራበት? ከዝንጀሮው ጋር?"

"በሱዳን በኩል አንድ ቀን ይመጣሉ" አለ። "ሲመጡ ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰው ይፈልጋሉ።"

እሱ ያምን ነበር። እኔ አላመንሁም፤ ግን አዲስ ቃል ሲሰጡት እንቢ የሚል የቅኔ ተማሪ የለም።

ቃሉን መያዝ አልከበደኝም። ከልጅነቱ ጀምሮ መጽሐፍ በቃሉ ሲይዝ ላደገ ሰው ያ ቀላል ነው። ችግሩ አፌ ላይ ነበር። እያንዳንዱን ቃል እንደ ጸሎት አክብሬ፣ ጥርት አድርጌ እናገራለሁ። "ዘ። ማን። ኤንድ። ዘ። ሆርስ።" እንግዳው ያዳምጠኝና ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ይነክሳል።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ቃሉ ሁሉ ልክ ነው። እንግሊዝ ግን እንዲህ ብትለው አይሰማህም። አንተ ሁሉንም ቃል አስነሣህ። እነሱ ፍሬ ያለውን ያነሡና ሌላውን ይውጡታል።"

"ከዋጡት ለምን ይጽፉታል ታዲያ?"

"ይጽፉታል። ይሉታልም። ግን እንደ ትንፋሽ ነው።"

ነገሩ ድፍረት መሰለኝ። በእኛ ቤት ከቃል አንዲት ፊደል የዋጠ ተማሪ ልምጭ ያርፍበታል። እሱ ግን "ኤንድ" የሚለውን ቃል "ን" ብቻ አድርጎ ያልፈዋል፤ "ቱ" የሚለው ጠፍቶ "ት" ብቻ ይቀራል፤ "ኦፍ" የሚለውማ ጆሮዬን አስጠግቼ እንኳ አልይዘውም ነበር። "የት ሄደ?" እለዋለሁ። "አለ፣ አለ፤ ተቀምጧል እንጂ አልሄደም" ይለኛል።

በአፍ ብቻ አልሆን ሲል በእግር አስተማረኝ። ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ ድንጋዩ እንደ ደረጃ ነው። ጠዋት ጤዛ ይዞት ያዳልጣል፤ የጤናዳምና የርጥብ አፈር ሽታ አለው። ቅላችንን ይዘን ስንወርድ እሱ ከፊት ይሄዳል።

"እግርህ ድንጋዩን ሲረግጥ ከባዱን ቃል በል" ይለኛል። "ትንንሾቹን እግርህ አየር ላይ ሳለ አሳልፋቸው። ስለ እነሱ ብለህ እርምጃህን እንዳታዘገይ።"

"ቃሎቹ ከበዙስ?"

"ይጠቡ። እርምጃው ግን አይቆይም።"

ስንት ጊዜ ወደቅሁ መሰለህ። ቅሉም ተሰበረ፤ ጉልበቴም ተላጠ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ሳላስበው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ከላይ ጀምሮ እስከ ምንጩ ድረስ ከእርምጃዬ ጋር ገጥሞ ወረደ። ትንንሾቹ ቃላት በእግሮቼ መሐል ሽልኩ ሽልኩ እያሉ ሲያልፉ ተሰማኝ። ባለሁበት ቀጥ አልሁ።

"ይኸማ ተነሽና ወዳቂ ነው" አልሁት።

እሱም ቆመ። ቅሉን መሬት ላይ አኖረና ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ። "ነው! ነው እንጂ! አንተ ጠዋት ጠዋት ለእኔ የምትነግረኝ እኮ ነው! እንዴት አላየሁትም!" ውኃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ሁለት ተማሪዎች በማያውቁት ነገር ሲፈነጥዙ አይተው፣ ቅኔ አዙሯቸው ነው ብለው አለፉን። ከዚያ ቀን በኋላ የእኔ አፍ ቀለለ። የእሱም ግዕዝ ከፍና ዝቅ ማለት ጀመረ።

አልሆን ብሎኝ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ካን"ና "ካንት"። ይቻላል እና አይቻልም። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር አያምታታም፤ አይቻልም ስትል ገና ከመነሻው ይለያል። በእንግሊዝኛ ግን ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት "ት" መሰለችኝ።

"በ'ት' አትታመን" ይለኝ ነበር። "ብዙ ጊዜ አትሰማም። የሚለየው ክብደቱ ነው። ይቻላል ስትል 'ካን'ን ዋጣትና ከሷ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንሣ። አይቻልም ስትል ራሱን 'ካንት'ን አንሣው፤ ረዘም፣ ጠንከር አድርገህ።"

ገብቶኛል አልሁ፤ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ከልመና ተመልሰን ቁራሻችንን ይዘን ወይራ ሥር ተቀመጥን። ጀርባውን ሰጠኝ።

"እንጀራህን እንድወስድ ፍቀድልኝ፣ ወይም ከልክለኝ" አለ። "የሰማሁትን አደርጋለሁ።"

በባዶ ሆድ ስንት መንደር ዞሬ ያገኘሁት ነውና ከለከልሁት። "ዩ ካንት ቴክ" አልሁ። ዘወር አለና ከፊቴ አንድ ቁራሽ አንሥቶ ጎረሰ።

"ከለከልሁህ እኮ!"

"ፈቀድህልኝ። የጮኽኸው 'ቴክ' ላይ ነው።"

ደግሜ ከለከልሁት፤ ደግሞ ወሰደ። እየሳቀ አልነበረም፤ እያኘከ ነበር። የመጨረሻዋ ቁራሽ ስትቀር ንዴት አነቀኝ። "ካንት" አልሁ፤ ከሆዴ ነበር የወጣው። እጁን ከእሳት እንደሚያወጣ ሰው ሰበሰበ።

"አሁን ከለከልኸኝ" አለና የራሱን ድርሻ እንዳለ ወደ እኔ ገፋው።

ባንዳዎቹ የመጡት ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው። ከአዲስ አበባ የሸሸ አንድ የተማረ ሰው ዲማ አለ የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። አለቃቸው ቀድሞ ራሱ የቤተ ክህነት ተማሪ የነበረ፣ ትምህርቱን ጥሎ ለጣሊያን ያደረ ሰው ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚፈትን ያውቃል። ቅርብ ጊዜ የመጡትን ተማሪዎች ሁሉ ከመጽሐፉ ፊት አስቀምጦ ማስነበብ ጀመረ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ጠመንጃ የያዙት ሰዎቹ ከበውናል። ፀሐዩ ይፋጃል፤ ዝንብ ፊታችን ላይ ይርመሰመሳል፤ የሚያባርር ግን የለም።

የእንግዳው ተራ ደረሰ። ተቀመጠ። ጀመረ። ያነሣል፣ ይጥላል፤ ያነሣል፣ ይጥላል። እኔ ትንፋሼን ይዤ እያንዳንዱን ቃል አብሬው በልቤ አነብ ነበር። ደህና ሄደ፣ ደህና ሄደና አንድ የሚወድቅ ቃል ላይ ድምፁን አነሣው። የባንዳው አለቃ ዓይኑን ገለጠ።

የኔታ ከተቀመጡበት ተነሡ። ዘንጋቸውን አንሥተው ወደ ድምፁ ሄዱና የእንግዳውን ጀርባ አቀመሱት።

"አንተ ደንቆሮ!" አሉ። "ስንት ጊዜ ልንገርህ? ይህችን ቃል ትናንት አልነገርሁህም? ከትናንት ወዲያስ? ሸዋ ድረስ ይሰማል ድንቁርናህ!" ደግመው መቱት። "ውሰዱልኝ ይህን፤ እስቲ እናንተ ወታደር አድርጉት፤ ለእኔስ አልሆነኝም!"

እንግዳው ራሱን በክንዱ ሸፍኖ፣ "ይማሩኝ የኔታ፣ ሁለተኛ አልስትም" ይላል። የባንዳው አለቃ መጀመሪያ የኔታን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ሳቅ ጀመረ፤ ሰዎቹም አብረው ሳቁ። ምናልባት እሱም በልጅነቱ የተመታው ትዝ ብሎት ይሆናል። "ተዉት የኔታ፣ ይበቃዋል" አለና ተነሥቶ በቅሎው ላይ ወጣ።

የበቅሎዎቹ ኮቴ ከኮረብታው ወዲያ እስኪጠፋ ማናችንም አልተነቃነቅንም። ከዚያ የኔታ ዘንጋቸው ከእጃቸው ወደቀ። ደግፌ አስቀመጥኋቸው። "ጎዳሁህ ልጄ?" አሉት። እንግዳው እግራቸው ሥር ተደፍቶ ነበር፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየሁም።

በማግስቱ ሄደ። የሱ እዚያ መቆየት ለሁላችንም ሞት እንደሆነ ገብቶታል። አርበኞቹ ወዳሉበት ወደ ምዕራብ የሚያደርሰው ሰው ተገኘ። እስከ ወንዙ ሸኘሁት። "ትምህርትህን እንዳትተው" አለኝ፤ የቱን ትምህርት እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም ከዚያ በኋላ ወደ ምንጩ በወረድሁ ቁጥር ብቻዬን አነበንብ ነበር።

እንዳለውም እንግሊዞቹ በሱዳን በኩል መጡ። ግመሎቻቸው ደጋውን ሲወጡ እየወደቁ አልቀውባቸው፣ በበቅሎና በአህያ ጭነው፣ ፊታቸው በፀሐይ ተልጦ መጡ። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ ንዳድ ይዞት ተኝቷል። በእኛ በኩል ያለው የአርበኞች አለቃ ሰው ሲያፈላልግ ወሬዬ ደረሰውና የኔታን ለመነ። የኔታ ወደ ድምፄ ፊታቸውን አዙረው፣ "ሂድ። ፈርተህ ግን አትናገር፤ የፈራ ሰው ንባቡ ይጠፋዋል" አሉኝ።

እንግሊዙ መኮንን ወጣት ነበር። ትምባሆና የበቅሎ ላብ ይሸታል። ሲያናግረኝ ደነገጥሁ፤ ያለው ሁሉ አንድ ረጅም ቃል መሰለኝ። አርበኞቹ ከበው ያዩኛል። "እባክህ ድገምልኝ" አልሁት። ሲደግመው ትንንሾቹን ለመያዝ መታገሌን ተውሁና ከባዶቹን ብቻ ለቀምሁ። "ሚውልስ" ሰማሁ። "ወተር" ሰማሁ።

"ለበቅሎዎቹ ውኃ የት ይገኛል ነው የሚለው" አልሁ።

አለቃው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ያን ጊዜ ከትከሻዬ ላይ ጭነት የወረደልኝ መሰለኝ። ቀን ሲጨመር ጆሮዬ እየተከፈተ ሄደ።

ከእነሱ ጋር ስንሄድ ሰንብተን የትውልድ መንደሬ ደረስን። ከመንደሩ በላይ ባለችው ኮረብታ ጣሊያን በድንጋይ የካበው ምሽግ ነበረው። እንግሊዙ ትንሽ መድፍ አስተከለ። ጠዋት ነው፤ ጉሙ ከሸለቆው እየተነሣ ነው፤ ምሽጉ ላይ ባንዲራቸው እንደተሰቀለ ነው። እንግሊዙ በመነጽር አይቶ ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ተመልክቷል። አርበኞቹ ተዘጋጅተው ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

ድንገት ከታች አንዲት ሴት ነጠላዋን እያውለበለበች፣ እየወደቀች እየተነሣች ወደ እኛ ሮጠች። ስትቀርብ አወቅኋት፤ የእህቴ ጎረቤት ናት።

"አትተኩሱ!" አለች፤ ትንፋሽ አጥሯታል። "ጣሊያን ወጥቷል! ጎሕ ሳይቀድ በጓሮ በኩል ወደ ማርቆስ ሄዷል! ያሉት የኛው ሰዎች ናቸው፣ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ያፈሳቸው! በሩን ከውጭ ቆልፎባቸው ነው የሄደው!" ከዚያ አየችኝና እጄን ያዘች። "እህትህም እዚያ ናት።"

እንግሊዙ ወደ እኔ ዞረ። ሴትዮዋ ምን እንዳለች፣ መተኮስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። "ዩ ካንት ሹት" አልሁ። ግን ያ "ሹት" የሚለው ቃል፣ ያ ተኩስ የሚለው ቃል፣ አስፈራኝና ክብደቱ ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ። እንግሊዙ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እጁን ወደ መድፈኛው አነሣ።

መተኮስ ትችላለህ ያልሁት መስሎት እንደሆነ የገባኝ እጁን ሳይ ነው። የማላውቀው ድምፅ ከደረቴ ወጣ።

"ኖ! ዩ ካንት! ካንት! አወር ፒፕል!"

እጁ አየር ላይ ቀረ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም አሁን ዝግ ብዬ፣ የሚነሣውን አንሥቼ፣ የሚወድቀውን ጥዬ፣ ጣሊያን መሄዱን፣ ያሉት የመንደሩ ሰዎች መሆናቸውን ነገርሁት። እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። መድፈኛው በእጁ የያዘውን ጥይት ወደ ሣጥኑ መለሰው። ብረቱ እንጨቱን ሲነካ "ጠቅ" አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። እንግሊዙም ትምባሆውን ለመለኮስ ሲሞክር ክብሪቱ እየጠፋበት ተወው።

በሩ ተሰብሮ ሲከፈት ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሽማግሌ፣ ሴት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያዘለች። አፈር ለብሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ሰው መስለዋል። እህቴን የለየኋት በአካሄዷ ነው። ከሁሉ ኋላ፣ አንድ የሚያነክሱ ሽማግሌ ደግፋ ወጣች። ሽማግሌውን አስቀምጣ ዞር ስትል አየችኝ። ሮጣ አልመጣችም፤ ቆማ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችኝ።

"ምነው እንዲህ ከሳህ?" አለች። "ዲማ እህል የለም እንዴ?"

ሳቅ ጀመርሁና መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝ። እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን እየጠረገች፣ "ተው፣ ሰው ያይሃል" ትለኝ ነበር።

ጣሊያን ማርቆስን ለቆ ከወጣ በኋላ ከተማው ሁሉ ወደ አደባባይ ወጣ። እልልታውና የጥይት ተኩሱ፣ አቧራው፣ የተቃጠለው ቤንዚን ሽታ! በዚያ ሕዝብ መሐል አንድ ሰው ከኋላዬ ዓይኔን ያዘኝ። እጁን ዳሰስሁት፤ ለስላሳነቱ ጠፍቷል። እንግዳው ነበር። ጠጉሩ አድጎ፣ አንድ ሰፊ የወታደር ካፖርት ለብሶ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ቆሟል። "አለህ?" አልሁት። "አለሁ። አንተስ አለህ?" ተቃቀፍን።

ስለ ኮረብታው የነገርሁት አንድ ጥግ ከተቀመጥን በኋላ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ያን ጊዜ እንጀራህን የበላሁት" አለ በመጨረሻ፣ "ለማስተማር ብቻ አልነበረም። ርቦኝ ነበር።"

ያን ክረምት ከእህቴ ቤት ከረመ። እህቴ አንቱ እያለች፣ ጎመኑንም እርጎውንም እያቀረበች፣ ሥጋ መልሶ እስኪያወጣ አልለቀቀችውም። እሱም ገብስ ሲታጨድ አብሮ ወጣ፤ የሚያጭደው ግን ከሚተወው ያነሰ ነበር። አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሊከፈት ነው፣ አስተማሪ ይፈለጋል የሚል ወሬ ሲመጣ ሄደ። አብረን እንሂድ ብሎኝ ነበር። እህቴን ትቼ መሄድ አልሆንልኝ አለ። ከመኪናው ላይ ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝ፣ እህቴ "ወይኔ፣ ዳቦውን ረሱት" ብላ ሮጠች፤ አልደረሰችበትም።

እኔም እዚሁ ማርቆስ አስተማሪ ሆኜ ዘመኔን ፈጀሁ። አልፎ አልፎ በሰው ሰላምታ ይልክልኛል፤ እኔም እልካለሁ። እመጣለሁ ይላል፤ እመጣለሁ እላለሁ። ዓባይ ቅርብ ይመስላል እንጂ ኑሮ የያዘው ሰው በቀላሉ አይሻገረውም።

ከዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የማውቀው ሰው መሞቱን ነገረኝ። አርጅቶ ነው፤ በገዛ ቤቱ፣ በአልጋው ላይ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ከበውት፣ በእውነተኛ ስሙ እየተጠራ። አለቀስሁ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ከልቅሶው ሥር ልቤ ተንፈስ ብሎ ነበር። የተማረ ሰው እንደ አውሬ በሚታደንበት በዚያ ዘመን፣ እሱ እንዲህ ያለ ሞት ይሞታል ብሎ ማን ተስፋ ያደርግ ነበር?

እህቴ ያን ጊዜ ወገቧ ጎብጦ ነበር። ምንም ሳትለኝ ተነሥታ ንፍሮ ጣደች፤ ደጃፉ ላይም ምንጣፍ አነጠፈች። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። የሞተው ማን እንደሆነ፣ ምናችን እንደሆነ አላወቁም። አንዷ ጎንበስ ብላ በዝግታ ጠየቀቻት።

"ዘመዳችሁ ነው እንዴ?"

እህቴ ንፍሮውን በሁለት እጇ አንሥታ ለሴትዮዋ ሰጠቻት።

"የኛው ሰው ነው" አለች። "ከስቶ መጥቶ፣ ወፍሮ ነው ከቤቴ የሄደው።"